ያልተጠራው ንስር

ያን እሑድ ጠዋት ልነግራት ቆርጬ ነበር ከቤት የወጣሁት። ጢሜን ተላጭቻለሁ፣ ከጥፍሬ ሥር አልለቅ ያለውን የሞተር ዘይት በሳሙናና በአሸዋ ፈትጌዋለሁ፣ እናቴ ለዓመት በዓል ያስቀመጠችውን ነጭ ሸሚዝ ሳላስፈቅድ አውጥቼ ለብሻለሁ። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን “ወፍ ልታይ ነው ወይስ ሚዜ ልትሆን?” ብላ ታላግጥብኝ ነበር። ያን ቀን ግን አንዲት ቃል አልወጣትም። ቦርሳክ የምንለውን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ትኩሱን ከድስቱ አውጥታ በጨርቅ ቋጠረችልኝና ትከሻዬን ዳበስ አድርጋኝ ገባች። እኔ ሞኙ ምርቃት መሰለኝ።

ኤድጌ እባላለሁ። ካስፒያን ባሕር ዳር፣ ባውቲኖ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ። ሠላሳዎቹን አጋምሼ አላገባሁም። ለምን እንዳላገባሁ መንደሩ የየራሱ ግምት አለው፤ አንዱ ሲበዛ ኩሩ ነው ይላል፣ ሌላው የሆነ ነገር ጎድሎት ነው ይላል። እውነተኛው ምክንያት በየእሑዱ ጠዋት አሮጌዋ ኒቫ መኪናዬ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ፣ መስኮት ከፍታ፣ ፀጉሯን ለነፋስ ትሰጥ ነበር።

አክማራል ትባላለች። ከአክታው ከተማ መጥታ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን ጋራዤ ድረስ መጥታ፣ ወፍ ለማየት ወደ ገደሉ የሚወስዳት መኪና እንዳለ ጠየቀች። ሰዎቹ ሳቁባት። ወፍ ለማየት ነዳጅ ይቃጠላል እንዴ አሉ። እኔም እስቃለሁ ብዬ አፌን ስከፍት “እኔ እወስድሻለሁ” የሚል ቃል ወጣኝ። ከዚያ ወዲያ አምስት በጋ አለፈ። ድሮ ወፍ ማለት ለእኔ መረብ ላይ ዓሣ የሚሰርቅ ሌባ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው እንደሚባለው፣ ስም እያስጠናችኝ፣ የሩቅ ማያ መነጽሯን እያዋሰችኝ፣ ሳላውቀው ወሰደችኝ።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ ትሉኛላችሁ። አንድ ጊዜ ከተማ ድረስ አደረስኳትና አባቷ ግቢ ውስጥ አገኙኝ። የወደቡ መሥሪያ ቤት ትልቅ ሰው ናቸው። እጄን አዩ፣ ጫማዬን አዩ፣ ከዚያ “የውሃ ፓምፑን ልትሠራ የመጣኸው አንተ ነህ?” አሉኝ። አይደለሁም ማለት እንዴት አቃተኝ? ፓምፑን ሠራሁላቸው። ደህና አድርጌ ነው የሠራሁት፤ አክማራል ከቤት ስትወጣ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ሆኜ አገኘችኝ። እሷ ከልቧ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን “እወድሻለሁ” ልል ስል የሚታየኝ ያ ፓምፕ ነው።

ወንድሜ ሜይራም ቢሆን ማንም ፓምፕ ሠሪ ነህ አይለውም ነበር። ታናሼ ነው፤ ተምሯል፣ ከተማ ውስጥ በነዳጅ ኩባንያ ቢሮ ይሠራል፣ ሸሚዙ ሁሌ እንደተተኮሰ ነው። ክረምት ላይ በረዶው አውቶቡሱን ሲያስቀረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አክማራልን ወደ ቤተሰቦቿ እንዲያደርስልኝ የለመንኩት እሱን ነበር። የእኔ ኒቫ ማሞቂያ የላትማ። ትበርዳለች ብዬ ነው።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ። እኛ ጋ ሐምሌ ማለት እሳት ነው፤ ፀሐይ ሳትበረታ ካልደረስን ወፉም ሰውም ጥላ ፍለጋ ይገባል። ነጩ ገደል ሥር ስንደርስ ባሕሩ ገና ግራጫ ነበር። ከሰው ወገን ማንም የለም። የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ግመሎች ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ቆመዋል። ነፋሱ አሸዋውን በእግራችን መሃል ይነዳዋል። ሌላ ጊዜ ያ ባዶነት ደስ ይለኝ ነበር፤ ለሁለት የተፈጠረ ቦታ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን አክማራል እዚያው ከጎኔ ቆማ የሌለች ሆነችብኝ። ደክሟት ነው አልኩ።

ጨዋታ አለን። ወፏን ቀድሞ ያየ ስሟን ይጠራል፣ የተቀደመ ከፔርሙዙ ሻይ ይቀዳል። እንደወትሮዋ ቀደመችኝ። ክንፋቸውን ድንጋይ ላይ ዘርግተው የሚያደርቁትን ጥቋቁር ዓሣ አዳኞች ጠራች፣ ኩሬው ዳር የቆሙትን ፍላሚንጎዎች ጠራች። ድምጿ ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ ተማሪ የሚያነብ ነው የሚመስለው። ሻይ ቀዳሁላት፣ ቦርሳኩን ፈታሁላት፣ ነከስ አድርጋ አስቀመጠችው።

ያኔ ነው እሱ የመጣው። ከገደሉ አናት ተነሥቶ፣ ክንፉን አንዴ እንኳ ሳያርገበግብ፣ በራሳችን ላይ ሰፊ ዙር ዞረ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር ጥላው አሸዋው ላይ ሲያልፍ ነው ያየሁት። እሷ ከእኔ በፊት አይታዋለች። ጣቷን አነሣች፣ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ዝም አለች።

“ያ…” አለች። “ያ ትልቁ። የገደሉ ጌታ።”

“ስሙን ካልጠራሽ አይቆጠርም” አልኳት እየሳቅሁ። “ንስር። ቀደምኩሽ።”

አልተከራከረችም። አምስት በጋ ሙሉ በአንዲት ድንቢጥ እንኳ ስትሟገተኝ የኖረች ሴት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ሻዩን ቀዳችልኝ። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል። ኩባያውን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ነገሩ ገባኝና እጄ አየር ላይ ቀረ።

የእኛን ወግ ልንገራችሁ። እኛ ጋ ሙሽራ የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙ የዕቃ ወይም የእንስሳ ስም ከሆነ ደግሞ ያን ቃል ጭራሽ በአፏ አታነሣውም። አያቴ ባልታ ይባሉ ነበር፤ በቋንቋችን መጥረቢያ ማለት ነው። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ መጥረቢያን “ማገዶ ፈላጩ” እንጂ ሌላ ብላው አታውቅም። አያቴ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው። አባቴ ደግሞ ቡርኪት ነው ስማቸው። ቡርኪት ማለት ንስር ነው።

ልቤ እንዴት እንደዘለለች አልነግራችሁም፤ የወደደ ያውቀዋል። ሴት ልጅ በልቧ ወደ አንድ ቤት ስትገባ ማንም ሳይነግራት አፏ ራሱ ይጠነቀቃል። አክማራል አባቴን አማቴ ብላለች። በልቧ ቤታችን ገብታለች። እኔ ለዓመታት የፈራሁትን ነገር እሷ አንድ ቃል ባለመናገር ጨርሳዋለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እያልኩ የኖርኩት እኔ፣ በእሷ ዝምታ ሰው ልሆን ነው።

ላረጋግጥ አልኩ፤ ሞኝ ሆኜ እንዳልቀር። አባቴ ጉልበታቸውን እያመማቸው እንደሆነ እንደዋዛ ነገርኳት። አምና “ጋሽ ቡርኪት፣ ጋሽ ቡርኪት” እያለች በሳቅ ታፈርሳቸው የነበረችው ልጅ፣ አሁን “ታላቁ አባት መድኃኒታቸውን ተዉት እንዴ?” አለችኝ። በቃ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ? ፓምፑም ከዓይኔ ጠፋ።

“አክማራል፣ አውቄያለሁ” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። “ምኑን?”

“የልብሽን። ወደ ቤታችን መግባትሽን።”

ኩባያዋን አሸዋው ላይ አስቀመጠች። “ማን ነገረህ?”

“አንቺ ነሻ። የአባቴን ስም መጥራት ሲያቅትሽ።”

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ግን እያለቀሰች ፈገግ አለች፤ ከባድ ሸክም ከትከሻው የወረደለት ሰው ፈገግታ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት፣ እንዴት ብላ እንደምትነግረኝ ጨንቋት እንዳደረች፣ መኪና ውስጥም ደጋግማ ልትጀምር ብላ እንደተወችው ነገረችኝ። ከዚያ “አትቆጣኝማ?” አለች።

“ለምን እቆጣለሁ? ስጠብቀው የኖርኩትን ነገር።”

“ስትጠብቀው?” ዓይኖቿ ሰፉ። ሁለት እጆቼን ያዘችኝ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ እጄን ስትይዘኝ የመጀመሪያዋ ነበር። “እኛ እኮ ካንተ ተደብቀን ስንሳቀቅ ነው የከረምነው። ሜይራም ይህን ቢሰማ በደስታ ያብዳል። እንዴት ብዬ ፊቱን አየዋለሁ፣ ታላቄ ነው፣ አሳደገኝ እያለ…”

ሌላም ብዙ ነገር አለች። አልሰማኋትም። እጆቼ እጆቿ ውስጥ ነበሩ፣ እንዴት እንደማወጣቸው ጠፋኝ። አንድ አባት ሁለት ልጅ እንዳለው፣ የባል አባት ማለት የወንድሜም አባት ማለት እንደሆነ እንዴት ረሳሁ? ያን ያህል ለእኔ ብቻ ነበር የመሰለኝ።

ፊቴን ስታይ እጄን ለቀቀችኝ። ያወቀች ይመስለኛል። ያን ሰዓት ያወቀች ይመስለኛል፣ ግን ደግሞ የጀመረችውን መጨረስ ነበረባት። ሜይራም በመስከረም ወደ አቲራው ከተማ ይዛወራል፤ ከዚያ በፊት መጋባት ይፈልጋሉ። አባቷ እሺ ብለዋል። የቀረው እኔ ነኝ። እኛ ጋ ታላቅ ሳያገባ ታናሽ አያገባም፤ ታላቅየው በገዛ አፉ መንገድ ካልለቀቀ በቀር። ሜይራም ሊጠይቀኝ አፈረ። አባቴም እንዴት ብለው ያንሡት? ያላገባሁት እኔ ነኛ፣ ቁስሌን መንካት ሆነባቸው። በመጨረሻ እናቴ ናት ለአክማራል “አንቺው ጠይቂው፤ ለአንቺ እምቢ አይልም” ያለቻት።

ለአንቺ እምቢ አይልም። እናቴ ታውቅ ነበር ማለት ነው። አውቃ ነው ትከሻዬን የዳበሰችኝ።

አክማራል ተነሥታ፣ ልብሷን አራግፋ፣ በወጉ ዝቅ አለችልኝ። “ሙርዛ አጋ” አለችኝ፤ ጌታው ጋሼ እንደማለት ነው። “ሙርዛ አጋ፣ መንገዱን ይልቀቁልን።”

የባል ታላቅ ወንድም ስምም አይጠራም። ይህንን ደግሞ ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ከማለዳ ጀምሮ “ስማኝ”፣ “እየው”፣ “እዚያ ጋ” ስትለኝ ነው የዋለችው። ወደኋላ ብቆጥረው ከፀደይ ወዲህ ከአፏ ስሜን ሰምቼው አላውቅም። እዚህ ባሕር ዳር ከዳር እስከ ዳር እየጮኸች ትጠራኝ የነበረችው ሴት ስሜን ጥላው ከሄደች ወራት አልፈዋል፣ እኔ አላወቅሁም።

ተናደድኩ። ምን ላድርግ፣ ሰው ነኝ። ተነሥቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ግመሎቹ እንኳ ዞር ብለው አዩኝ።

“ከተማ ሙሉ ወንድ ጠፍቶ ነው?” አልኳት ሳልዞር። “ወንድሜ ወፍና ዶሮ የማይለይ ሰው ነው።”

“አይለይም” አለች። “ግን ጠየቀኝ።”

ዞርኩ። አሁን አታለቅስም ነበር።

“በየእሑዱ ከመኪናህ የምወርደው ቀስ ብዬ ነበር” አለች። “አንድ ቃል ትለኝ እንደሆን ብዬ። ቦርሳዬን እፈልጋለሁ፣ ሻሼን አስተካክላለሁ፣ በሩን ከፍቼ እቆማለሁ። አንተ ‘ለሚቀጥለው ሳምንት ጎማውን አስነፋዋለሁ’ ትለኝ ነበር። ሁሌ ጎማ። እኔም ጓደኛዬ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም አልኩ፤ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተውኩት። ሜይራም በሦስተኛው ቅዳሜ መንገድ ዳር አቁሞ ጠየቀኝ። ነገሩ ይኸው ነው።”

“አሁንስ?” አልኳት። ይህችን ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደታገልኩ እግዜር ያውቃል።

“አሁን እሱን እወደዋለሁ” አለች። “አልዋሽህም። አንተን መዋሸት አልችልም።”

ፀሐይ በርትታ ነጩ ገደል ዓይን አላስከፍት ብሏል። ውሃ ውስጥ ቆሜ አሰብኩት። “ገና አልቆረጥኩም፣ ትንሽ ጠብቁኝ” ማለት ይበቃኝ ነበር። ማንም አይወቅሰኝም፤ ወጉ ከእኔ ጋር ነው። ሜይራም አቲራው ይሄዳል፣ እሷ ባውቲኖ ትቀራለች፣ እሑድም ይመጣል። እሷ መኪናዬ ውስጥ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ፀጉሯ በነፋስ። ልቧ ግን አቲራው። እሱን እያሰበች ለእኔ ወፍ ስትጠራልኝ፤ ያን ዓይነት እሑድ ምን ያደርግልኛል? ሜይራምም አለ። እሱ ሕፃን ሆኖ አባቴ ባሕር ላይ ሲከርሙ እኔ ነኝ በጀርባዬ አዝዬው የዞርኩት። ሰው ያዘለውን ልጅ እንዴት መንገድ ይዘጋበታል?

ከውሃው ወጣሁ። ጫማዬ ይንጨቀጨቃል፣ የበዓል ሸሚዜ እስከ ወገቤ ርሷል። ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ አባቴ ጀልባ ሲሸኙ እንደሚያደርጉት፣ መዳፎቼን ወደ ላይ ከፈትኩ።

“መንገድሽ ይቅና” አልኳት። “መንገዳችሁ ይቅና። ለሜይራም ሂጂና ንገሪው። ታላቅህ ለቀቀ በይው።”

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ልይዛት ፈለግሁ፣ አልያዝኳትም። ከዛሬ ወዲያ በእኔና በእሷ መካከል ትልቅ ነገር ቆሟል፤ ከማንም በላይ ማክበር ያለብኝ እኔ ነኝ። ፔርሙዙን ዘጋሁ። ቦርሳኩን ቋጠርኩ። መነጽሯን ከአሸዋው አንሥቼ አራግፌ አንገቷ ላይ አደረግሁላት። ወደ መኪናው መሄድ ጀመርን። እሷ እንደ ደንቡ ከኋላዬ ቀረች፤ ድሮ ፊት ፊቴ ነበር የምትሮጠው።

ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ አልቻልኩም። ቆምኩ።

“አክማራል” አልኩ ሳልዞር። “ገና የሙሽራ ሻሽ አልታሰረልሽም፤ ወግ አታፈርሺም። አንድ ነገር ልለምንሽ።”

“ምን?”

“ስሜን ጥሪኝ። አንዴ ብቻ። ካሁን በኋላ ካንቺ አፍ አልሰማውም።”

ነፋሱ አሸዋውን በመካከላችን ይነዳው ነበር። እምቢ ልትል ነው አልኩ፤ እምቢ ብትልም አልፈርድባትም ነበር። ከዚያ በዝግታ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ያለ ሰው እንደሚጠራ አድርጋ ጠራችኝ።

“ኤድጌ።”

“ወዬ” አልኳት።

ጠበቅሁ። የምትለኝ ነገር አልነበራትም።